ምንም ያልረሱት አስታዋሽ

ከእናንተ መካከል ሟቿን አንድ ቀን እንኳ «ዝንጉዋ» ብሎ ያልጠራ ማን አለ?

ካለ እጁን ያንሣ። በጎረቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በዘመድ ቤት፣ በፊታቸውም ሆነ ከጀርባቸው ይህን ስም ያልተጠቀመ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ማዳመጥ አያስፈልገውም፤ ወጣ ብሎ ነፋስ ይቀበል። የቀረነው ግን ቁጭ ብለን እንስማ። ሰው በሕይወት ሳለ በተሳሳተ ስም ቢጠራ ዞር ብሎ ማረም ይችላል። ከዛሬ በኋላ ግን እሳቸው ዞር አይሉም። ስለዚህ የሚታረመው ዛሬ ነው።

ሟቿ ከቀለም ቀቢ አባታቸውና ከመጋረጃ ሰፊ እናታቸው፣ ከድልድዩ ማዶ በሚገኘው ባለ እንጨት ደረጃ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት ማለዳ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ማታ ሲገቡ የቅንድባቸው ቀለም የዋሉበትን ቤት ይናገር ስለ ነበር፣ ሁለቱ እህትማማቾች «ዛሬ አባባ ሰማያዊ ቤት ዋለ» እየተባባሉ ይሥቁ ነበር። እናታቸው ደግሞ የቴአትር ቤቱን ትልቅ መጋረጃ የሚጠግኑት እሳቸው ስለ ነበሩ፣ ታናሿን ልጅ ይዘው ይሄዱ ነበር። ሕፃኗ ከቀይ ቬሉቶ ጨርቅ ክምር መሃል ተኝተው፣ ከመድረኩ የሚመጣውን የልምምድ ድምፅ ከሕልማቸው ጋር እየቀላቀሉ አደጉ። የትኛውን በእውን እንደ ሰሙ፣ የትኛውን እንዳለሙ ለይተው አያውቁም ነበር፤ ሁለቱንም ግን በቃላቸው ይዘውታል።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በሒሳብ ዕውቀት አይታሙም። የሰሙትን ቃል ግን አይጥሉም ነበር። መምህራቸው የተናገሩትን እንዲደግሙ ሲያዟቸው፣ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን መምህሩ መሃል ላይ የሳሉትንም ሳል በቦታው አስገብተው ይደግሙላቸው ነበር። መምህሩም በመጨረሻ «ልጄ፣ እባክሽ ሳሉን ተይልኝ» ብለው ለምነዋል።

ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ቴአትር ቤቱ በቃል አስታዋሽነት ቀጠራቸው። አስታዋሽ ማለት ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት፣ ከመድረኩ ጠርዝ ሥር ካለች ጠባብ ሣጥን ሆኖ የሚያንሾካሹክለት ሰው ነው። ሕዝቡ አያየውም። ጭብጨባው ከራሱ በላይ ያልፋል። ሣጥኗ አንድ ዝቅተኛ ወንበርና አንዲት በጨርቅ የተጋረደች አምፖል ብቻ ትይዝ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሆኖ ለሚመለከት ዓለም ማለት ጫማ ነው። ንጉሡ ሲመጣ ተረከዙ የተንሻፈፈ ቡትስ፣ ሙሽራዋ ስትመጣ ጎኗ የተሰፋ ነጭ ጫማ፣ ሞት ሲመጣ ባዶ እግር። በመብራቱ ውስጥ አቧራ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሰዉ ትንፋሽ እንደ ሩቅ ባሕር ይመጣል፣ ይሄዳል። አስታዋሿ ድምፅ ሳያሰሙ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ንጉሥም፣ ሙሽራም፣ ሞትም ሆነው ያመሻሉ። ጓደኞቻቸው «ሹክሹክ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ይህን ስም ይወዱት ነበር።

የመብራቱ ባለሙያ ከላይ፣ ከሰገነቱ ላይ ይሠሩ ነበር። ቀስ በቀስ በየትርኢቱ አንድ መብራት እየሳተ ወደ ሣጥኗ መውረድ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ «ይኼ መብራት ምን ሆኗል?» ብለው ቢቆጡ፣ ባለሙያው «አንገቱ ላልቷል ጌታዬ፤ ባጠብቀውም ወደዚያው ነው የሚያዘነብለው» አሉ። በዓመቱ ተጋቡ። ታላቅ እህታቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቃል የማይቸግራቸው፣ «ይኸው፣ የማይታይ ሰው የማይታይ ሰው አገባ» ብለው ጋብቻውን መረቁ።

በጋብቻቸው በሦስተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። ምጡ ረጅም፣ ልጁም ትልቅ ነበር። አዋላጇ ገና ጭንቅላቱን ሲያዩ «ይኼስ ጢም አውጥቶ ነው የሚመጣው» አሉ። በመሣሪያ ተስቦ ወጣ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው ተባለ። ልጁ ደህና ነበር። የእናትየውን የፊንጢጣ በር የሚቆልፈው ጡንቻ ግን በምጡ ተቀዶ ነበር። ተሰፋ፤ ስፌቱ ዳነ፤ ጡንቻው ግን ሥራው ጠፋበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሟቿ ሰገራቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ይህ ቃል ሲነበብ ወንበር ይንቋቋ ይሆናል። ይንቋቋ። የልብ ሕመም በአደባባይ ይነበባል። ስኳርና ደም ግፊት በኩራት ይወራሉ። የኩላሊት ጠጠሩን በብልቃጥ አድርጎ ለእንግዳ የሚያሳይ ሰው እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል፤ ራሱን ያውቃል። ሆድ ግን የሚከበረው ከእምብርት በላይ ብቻ ነው። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» እንላለን፣ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ» እንላለን፣ ምሥጢር ሲከብደን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ይኸው የተወደሰ ሆድ ሲታመም ስሙን የሚጠራለት ይጠፋል። ሆድም ሁሉን አይፈጅም፤ ዝም ካሉት የሚፈጀው ባለቤቱን ነው።

አስታዋሿ ከዚያ በኋላ ከተማዋን በበር በሩ አወቋት። ከቤት ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገዱን አይከተሉም፤ ከአንድ መጸዳጃ በር ወደ ሌላው ይሻገራሉ እንጂ። ከመድኃኒት መደብሩ ጀርባ ያለው፣ ከልብስ ሰፊው ደረጃ ሥር ያለው፣ ቁልፉን ደንበኛ ላልሆነ የማያውሱት የነዳጅ ማደያው በር። በእንቅልፋቸውም ይህችው ከተማ ትመጣባቸው ነበር። በሕልሟ ከተማ ግን በሮቹ ሁሉ አባታቸው በግድግዳ ላይ የቀቧቸው ናቸው፤ እጀታቸው ቀለም ነው፣ ሲይዙት እርጥብ ነው፣ መዳፋቸውን ሰማያዊ አድርጎ ይቀራል። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩ እንደ ነበር ባለቤታቸው ይናገራሉ።

ሰው መሃል ሲሆኑና ድንገት መነሣት ሲኖርባቸው ሰበብ ያስፈልግ ነበር። «ቁልፌን ረስቼ»፣ «ምድጃ ላይ ጥጄ ረስቼ»፣ «ቀጠሮ ነበረኝ፣ ፈጽሞ ረስቼው» ይሉ ነበር። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» ሲል እሳቸው ግቢውን ጨርሰው ወጥተው ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ ባለቤታቸው አጠገብ አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ይታያል። «ምን ታደርጉታላችሁ፣ ዝንጉ ናት» ተባለ። ስሙ ያን ቀን ተወለደ። እሳቸውም አላስተባበሉም። ዝንጉ መባል ከሌላው ይሻል ነበራ።

ከዚያ የታላቁ ቴአትር የመክፈቻ ምሽት መጣ። ንጉሥ ሆነው የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ በሦስተኛው ክፍል «ልጄ ሆይ» ብለው ቆሙ። ቃሉ ጠፋባቸው፤ ከሥር እስኪመጣላቸው ጠበቁ። «ልጄ ሆይ» አሉ እንደገና፣ በእግራቸው ሣጥኗን ቆርቆር አድርገው። ከሣጥኗ ምንም አልመጣም፤ አምፖሏ በርታ ወንበሯ ባዶ ነበር። በሦስተኛው «ልጄ ሆይ» ላይ ሕዝቡ ሣቀ። ልጁን የሚጫወተው ወጣት ምን ያድርግ፣ «አቤት አባዬ፣ ሰምቻለሁ» አለ፤ ሣቁ ባሰ። አስታዋሿ ያን ሣቅ ከኋላ መተላለፊያው ጫፍ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ሆነው፣ ሳሙና በእጃቸው ይዘው ሰሙት። ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ «አስታዋሽ ከረሳ ማን ያስታውስ?» ብለው ወደ ልብስ መተኮሻ ክፍል አዛወሯቸው። ሁሉም አዘነላቸው። እሳቸው ግን የመተኮሻው ክፍል ከመጸዳጃው ቀጥሎ መሆኑን አይተው አመሰገኑ። ሰው ከተወለደለት ሥራ ተባርሮ ለበር ቅርበት ሲያመሰግን ምን ያህል እንደ ተጎዳ አስቡት።

ታላቅ እህታቸው ጉዳዩ አሳስቧቸው እጃቸውን ይዘው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ያኔ ወጣት የነበሩት ሐኪም በሩን ሳይዘጉ፣ ተረኞቹ በመተላለፊያው ተደርድረው እየሰሙ፣ «ምን ያምዎታል?» አሏቸው።

ሟቿ መሬት መሬቱን እያዩ «ያመልጠኛል» አሉ።

«ምን ያመልጥዎታል?»

«እንዲያው ድንገት ነው። ሰው መሃል ሆኜ፣ ሳላውቀው ያመልጠኛል።»

«የሰው ስም ነው? ቀጠሮ ነው?»

«እኔ ልንገርህ የኔ ልጅ» አሉ እህትየው። «ረሺ ናት። ቁልፍ ትረሳለች፣ ድስት ትረሳለች፣ ሠርግ ላይ ራሷን ትረሳለች። ሥራዋ ማስታወስ ነበር፣ እሱንም ረሳችው።»

ሐኪሙ ሟቿን አዩ። ሟቿም የተከፈተውን በር አዩ። «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ።

በአማርኛችን አውቶቡስ ያመልጣል፣ ሐሳብ ያመልጣል፣ ቃል ከአፍ ያመልጣል፣ ሰገራም ያመልጣል። አንድ ግሥ ይህን ሁሉ ይሸከማል። ሐኪሙ ከነዚህ ሁሉ ንጹሑን መረጡ። በሩን ገፋ አድርገው አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭር በሆነ ነበር። አልጨመሩም፤ ወደ ማስታወስ ክፍል ላኳቸው። ለዓመታት ተመላለሱ። የታዘዘላቸውን ኪኒን በመስኮቱ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። አበባው ወቅቱን ረስቶ አያውቅም።

ከዚህ ያወጣቸው የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ነው። የማስታወስ ክፍል ተረኞች የሚቀመጡት ከመስኮቱ ሥር ነበር። ሟቿ ግን ሁልጊዜ ከመተላለፊያው ጫፍ፣ ከመጸዳጃው በር ፊት ለፊት ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከአግዳሚዋ አጠገብ ያለው ክፍል ባለሙያ፣ ነጭ ጋዋናቸውን በሴፍቲ ፒን የሚይዙ ቀጠን ያሉ ሴት፣ አንድ ቀን መጥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ተራ እዚያ መስኮቱ ጋ አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው።»

«እዚህማ ይሞቃል፤ የእንፋሎት ቧንቧው በሥሩ ነው የሚያልፈው።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚህች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የማስታወስ ክፍል ሰው አይደለም። የኔ ሰው ነው» አሉ።

ሟቿ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው የሚያንሾካሹክላቸው ሰው አገኙ። ቃሉን እዚያው ተናገሩት፤ ከነሙሉ ስሙ።

በዚያ ክፍል የሚሰጠው ሕክምና ባዮፊድባክ ይባላል። በቀላሉ ሲነገር፣ ሰውነት የሚሠራውን ለባለቤቱ መልሶ ማሳየት ነው። ጫፏ ላይ ትንሽ ፊኛ ያላት ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ትገባለች። ጡንቻው ሲጨብጥ በመሣሪያው ማያ ላይ አረንጓዴ መስመር ይወጣል፤ ሲለቅ ይወርዳል። ፊኛዋ ጥቂት አየር ስትሞላ ታካሚው የሰገራን መምጣት ከሩቁ መስማት ይለማመዳል። መስኮቱ ወተት የመሰለ መስታወት ስለ ነበረው በክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የጭጋግ ብርሃን ነበር። ሟቿ በጎናቸው ተኝተው፣ አንሶላ ለብሰው፣ ያን መስመር ሲመለከቱ ይውላሉ። በአድማስ ላይ የሚተነፍስ ተራራ ይመስል ነበር ብለዋል።

«ይያዙ» ይላሉ ባለሙያዋ። «ይያዙ፣ ይያዙ። ሆድዎን አይደለም። ትንፋሽዎንም አይደለም። ከታች ብቻ። ፊትዎ ምን አደረገ?»

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ፊቴን ሳጨማድድ የኖርኩት በከንቱ ነዋ።»

«ፊትዎ በር የለውም እትዬ።»

ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሣቁ፤ ሣቁ በማያው ላይ የተቆራረጠ ተራራ ሆኖ ወጣ። በሌላ ቀን ሟቿ መስመሩን ብዙ ሲያዩ ቆይተው «ይኼ መሣሪያ የኔን ሥራ ነው የሚሠራው» አሉ። «ጡንቻዬ ተዋናይ ነው። ቃሉ ጠፍቶበታል። መስመሯ ከሥር ሆና ትነግረዋለች።»

«ጎበዝ አስታዋሽ መቼ ነው ዝም የሚለው?» አሉ ባለሙያዋ።

«ተዋናዩ ራሱ ሲያስታውስ።»

ባለሙያዋ ተነሥተው ማያውን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ሟቿ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያንን ተራራ በጨለማ ውስጥ ራሳቸው ወጡት።

ሙሉ በሙሉ ዳኑ ብለን አንዋሽም። መጥፎ ቀን ነበራቸው። ነገር ግን ድሮ ድንገት ይወርድባቸው የነበረው ነገር ከሩቅ ኮቴውን እያሰማ የሚመጣ ሆነ፤ እሳቸውም ቆይ ሲሉት የሚቆይ። ቤት ውስጥ በየዕለቱ ይለማመዱ ነበር። ባለቤታቸው ጋዜጣ እያነበቡ «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» ሲሏቸው «ተራራ እየወጣሁ» ይሏቸው ነበር።

ያኔ ንጉሥ የነበሩት ተዋናይ በዚህ ጊዜ አርጅተው አያት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ወደ መተኮሻው ክፍል መጥተው «ሹክሹክ፣ አሁንስ የራሴ ስም ሳይቀር እየጠፋኝ ነው፤ ተመለሽልኝ» አሏቸው። ተመለሱ። በመጀመሪያው ምሽት ከመጋረጃ መከፈት እስከ መዘጋት ከሣጥኗ አልወጡም። ጫማዎቹ መጡ፣ ሄዱ፤ አቧራው ወረደ፤ ከላይም አንድ መብራት አንገቱ ላልቶ ሲያዘነብል አመሸ።

በዚያው ሰሞን ለልጃቸው ነገሩት። አሳንሰር ጠጋኝ ሆኖ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ጎልማሳ ወጥቶታል። እስከዚያ ያልነገሩት በገዛ ልደቱ እንዳያፍር ብለው ነበር። ሰምቶ ሲያበቃ «እማዬ፣ ያኔውኑ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር፤ አፌ አልተፈታም እንጂ» አላቸው። እሳቸውም ጭንቅላቱን እየዳሰሱ «ምን ታደርግ፣ ቸኩለህ ነው» አሉት። እንግዲህ ዛሬ ልጁ ይህን ሲሰማ አዲስ አይደለም፤ አንገቱን ሲደፋ ሊያየው የሚፈልግ ካለ በከንቱ ይጠብቃል።

ክፍሉ ግን ተዘጋ። መሣሪያው በጨርቅ ተሸፈነ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች ተደራረቡበት፤ ባለሙያዋ በመግቢያው መስኮት የተራ ቁጥር እንዲያድሉ ተመደቡ። የተሰጠው ምክንያት «ይህን ሕክምና የሚጠይቅ ሰው የለም» የሚል ነበር። በእርግጥ ጠያቂ የለም። ስሙን መጥራት ነውር በሆነበት ቦታ ማን ይጠይቃል? አፍን ሸብቦ ዝምታን ማስረጃ ማድረግ ብልሃት ሳይሆን ግፍ ነው።

ሟቿ ጠየቁ። ሆስፒታሉ ባለፈው ዓመት ሕዝቡን በሰበሰበበት አዳራሽ ከፊት ረድፍ ተነሥተው፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በሙሉ ድምፅ፣ «እኔ ለብዙ ዘመን ሰገራዬን መቆጣጠር የማልችል ሴት ነበርኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተማርኩ። ክፍሉን ለምን ዘጋችሁት?» አሉ። አንዱ ከኋላ ኪኪኪ ብሎ ሣቀ። መድረኩ ላይ የነበሩት የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ያኔ በሩን ያልዘጉት ሐኪም፣ ፈገግ ብለው «እናታችን፣ እንኳን ደህና መጡ» አሉ። «እኔ ራሴ አውቅዎታለሁ፤ የማስታወስ ክፍላችን ታካሚ ነዎት። ያ ክፍል ዕቃ ቤት ነው፤ ምናልባት ተደባልቆብዎት ይሆናል።»

ሕዝቡ በአዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ደግ ሰው ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው፤ ያ ደግነት ከጥፊ ይከፋ ነበር። ሁሉም እሳቸው ተነሥተው ይወጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ በዚህች ከተማ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው መውጣታቸውን ነው የሚያውቀው። አልወጡም። ስለ አልጋ፣ ስለ ጣሪያ፣ ስለ አምቡላንስ ጎማ የተነገረውን ሁሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ፍጻሜው ሰሙ። በመጨረሻ ያንኑ ጥያቄ፣ አንድ ቃል ሳያዛንፉ ደገሙት። ኃላፊውም «ሰዓታችን አልቋል፤ መልሱን እናሳውቅዎታለን» ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

መልሱ አልመጣም። ሟቿ በልብ ድካም ታመው ለጥቂት ወራት በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው የራስጌውን መብራት ቀስ በቀስ፣ እንደ ባለሙያ፣ ዝቅ እያደረጉላቸው ነበር። ከማረፋቸው በፊት ለቤተሰባቸው ያስቀሩት አደራ አንድ ነው፤ «ዝንጉ ተብዬ አልቀበር።»

በዚህ አደራ የተነሣ ቤተሰቡ ለሁለት ቀን ሆድና ጀርባ ሆኖ ሰንብቷል። ታላቅ እህታቸው «‘ከረጅም የመርሳት ሕመም በኋላ’ ብላችሁ ጻፉ፤ ክብር ያለው በሽታ ነው። ሰገራ የሚባል ነገር በእህቴ ቀብር ላይ አይነበብም» አሉ። ባለቤታቸው «እትዬ፣ እሷ ያልረሳችውን እኛ አናስረሳትም» አሏቸው። እህትየው ብዙ አለቀሱ። በመጨረሻም «በሉ አንብቡት፤ እኔ ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ» ብለዋል። አሁንም ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ማንም አይቀስቅሳቸው፣ እየሰሙ ነው።

ሟቿ ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ቃሉ ሲጠፋበት እሳቸውን የሚፈልግ አንድ ቴአትር ቤት ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሩ በማይዘጋበት፣ ማንም አቋርጦ መውጣት በማያስፈልገው ማረፊያ ያኑርልን። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ።

የሆስፒታሉ ኃላፊ የላኩት የአበባ ጉንጉን ደርሶ ከበሩ በስተቀኝ ቆሟል፤ ያማረ ነው፣ እናመሰግናለን። ኃላፊውም ራሳቸው መጥተው ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል። ክቡር ሆይ፣ ሟቿ የጠየቁዎት አበባ አልነበረም። ዛሬ ተደባልቆባቸው ነው ሊሉ አይችሉም፤ ባለሙያዋ ከእርስዎ ሁለት ወንበር አልፈው ተቀምጠዋል። በጽሑፍ እንዳይሉን፣ በቀጠሮ እንዳይሉን። ይነሡና ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱ፦ ክፍሉን ለምን ዘጉት?